የእባቡ ግራ ዓይን

«እባብ ዓይኑ ሲነጣ የሰው ዓይን ሊወስድ ነው» ትላለች ዘቢደር። አንድ ጊዜ ብላ የምትተወው ነገር አይደለም። ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ትለዋለች፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ትለዋለች፤ ፌርፋክስ ላይ ካለችው አንዲት የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ስታስመዝንም ትለዋለች። ማን ነገረሽ ሲሏት አንዴ አያቴ፣ አንዴ አንድ የጎጃም ደብተራ፣ አንዴ ደግሞ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል አብራኝ አልጋ የምታነጥፍ ፊሊፒናዊት ትላለች። ተናጋሪው ይለዋወጣል እንጂ ወሬው ያው ነው። በፈረንጆች 1987 በጥቅምት ግን ወሬው ማደሪያ አገኘ፤ የእትዬ ለተማርያም ቤት።

ቤቱ ውስጥ እባብ አለ፤ ይኼ እውነት ነው። የእባቡ ዓይን ነጥቷል፤ ይኼም እውነት ነው። እትዬ ለተማርያም ደግሞ ከሰሞኑ ብርጭቆ ሲያስቀምጡ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ፣ አየር ላይ ማስቀመጥ ጀምረዋል። ሦስቱን በአንድ ክር መስፋት ለዘቢደር ምን ያቅታታል?

እባቡን ያመጣችው የጓሮውን ክፍል ተከራይታ የምትኖረው ፋና ናት። ፋና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርቷ አሥረኛ ክፍል ላይ በዘመኑ ጣጣ የተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ራሷ ለራሷ ያስተማረች። እንግሊዝኛን ከመዝገበ ቃላትና ከቤተ መጻሕፍት ነው የለመደችው። «አላውቅም» የምትለዋን ቃል እንደ ስድብ ነው የምታያት፤ ከአፏ ከምትወጣ ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። የምትሠራው አንድ የእንስሳት ሐኪም ቤት ውስጥ ነው። ሥራዋ ወለል መወልወል ነበር።

ከወለሉ ቀና ስትል ግን ጠረጴዛው ይታያታል። ጠረጴዛው ላይ ውሻ ይመረመራል፣ ድመት ይሰፋል፤ ከሐኪሟ ጎን የምትቆመው ረዳት እንስሳውን ትይዛለች፣ መርፌ ታቀብላለች። ረዳቷ በዚያ ወር ልትለቅ ነው። ፋና መወልወያዋን ተደግፋ ያን ቦታ ስታየው ሙሽራ እንደሚታይ ነው የምታየው።

አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የጫማ ካርቶን ተጥሎ ተገኘ። ውስጡ እርሳስ የምታክል፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት የለበሰች ነገር ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ገና የዚያን ክረምት የተፈለፈለ እባብ። ቆዳው እንደ አሮጌ ወረቀት ተጨማዷል። ሐኪሟ ለሳምንት ስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ነበር።

«ውኃ አጥቷል፤ ቆዳውን ሊጥል ነው፤ እዚህ በዚህ ማቀዝቀዣና በውሻ ጩኸት መሃል አይሆንለትም» አለች።

«እኔ ቤቴ እወስደዋለሁ» አለች ፋና።

«ስለ እባብ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

አታውቅም ነበር። ሐኪሟ አየቻትና ሳቅ ብላ፣ «እንግዲያው ሰኞ ስመለስ ቆዳውን በደህና ጥሎ ካገኘሁት ስለ ጠረጴዛው እንነጋገራለን» ብላት ወጣች።

ፋና ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። እስኪዘጋ አነበበች። እባብ የዓይን ቆብ እንደሌለው፣ ዓይኑን የሚጠብቀው እንደ መስታወት የጠራ ቅርፊት እንደሆነ፣ ቆዳውን ሲጥል ያም ቅርፊት አብሮ እንደሚወልቅ አወቀች። ከመጣሉ በፊት በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ ዓይኑ እንደ ወተት ይነጣል፤ ያን ጊዜ አያይም፣ ይፈራል፤ አይበላም፣ አይነካም። ከዚያ ዓይኑ ይጠራል፤ ከጠራ በኋላ ባሉት ቀናት አፍንጫውን ሸካራ ነገር ላይ አሽቶ ከከንፈሩ ይጀምርና ካልሲ እንደሚያወልቅ ሰው ሙሉውን ገልብጦ ጥሎት ይወጣል። የሚፈልገው እርጥበት፣ ሙቀትና ሰው እጁን እንዲሰበስብለት ብቻ ነው። የቀረ ቁራጭ ቢኖር በለብ ውኃ ይርሳል እንጂ አይጎተትም። በተለይ የዓይኑ። የዓይኑ ቢቀር እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ አብሮ ይወልቃል። ፋና ይህችን ደብተሯ ላይ ጻፈቻት፤ «አትጎትቺ» ብላ፣ ከሥሯ ሁለት ጊዜ አሰመረችባት።

እትዬ ለተማርያም ፋና ለእባቡ ገዝታ ያመጣችውን የመስታወት ሣጥን ሲያዩ አማተቡ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«እባብ ነው እትዬ። ትንሽዬ ናት፤ መርዝም የላትም።»

«ትንሽ እባብ! አንቺ ልጅ፣ እባብ ደግሞ ትንሽና ትልቅ አለው? እባብ ግደል ከነበትሩ ገደል ነው የተባለው። አንቺ ጭራሽ ሣጥን ገዝተሽለት!»

«እስከ ሰኞ ብቻ ነው። ሥራ የማገኘው በሱ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሥራ የሚወድ ሰው ይወዳሉ።»

«ምላስሽን የሰጠሽ እግዜር ልብም ይስጥሽ» አሉና ዝም አሉ። ዝም ካሉ ፈቅደዋል ማለት ነው። እትዬ ለተማርያም ስድሳን ያለፉ ባል የሌላቸው ሴት ናቸው፤ ቀን ቀን የባለታክሲዎችንና የአስተናጋጆችን ልጆች ይጠብቃሉ። አምስት ሕፃናት ሳሎናቸው ውስጥ ሲተራመሱ ይውላሉ። «የክፍልሽ በር ግን ተቆልፎ ይዋል፤ የትርፍ ቁልፉ እኔ ጋ አለ» አሉ።

ፋና የሚያስፈልገውን ሁሉ አሰናዳች። ከአይስክሬም ዕቃ ላይ ክብ በር ቆርጣ ውስጡን እርጥብ ፎጣ አነጠፈችለት፤ ከጓሮ ሸካራ የጡብ ስባሪ አጥባ አስገባች፤ የሣጥኑን ግማሽ በማሞቂያ ጨርቅ ላይ አስቀመጠች። ልኩን ለመፈተን የእጇን ጀርባ ሣጥኑ ውስጥ አስገብታ ትቆያለች። እባቡ በነጣው ዓይኑ ወደ እሷ ይዞራል፣ አያያትም፣ ምላሱን ብልጭ አድርጎ ወደ ፎጣው ይገባል። ፋና እንዲህ ያለ ዝምታ አታውቅም። ሰው ሲታመም ይጮኻል፣ ውሻ ያለቅሳል፤ ይኼ ግን ጭንቁን ይዞ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ይላል።

ማክሰኞ ሳንታ አና የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ተነሣ። ከንፈር ይሰነጥቃል፣ የታጠበ ልብስ ሳይሰጣ ይደርቃል። ፋና ጠዋት ያረጠበችውን ፎጣ ማታ ስትገባ እንደ ቋንጣ ደርቆ አገኘችው። ቀን ማን ያርጥብላት?

ረቡዕ ስትመለስ ግን ፎጣው ውኃ ያንጠባጥባል። ጡቡ ረጥቧል፣ እባቡ ረጥቧል፣ ግድግዳው እንኳ ረጥቧል። ሣጥኑ አጠገብ ግማሹ የጎደለ የወተት ጋሎን ተቀምጧል፤ ውስጡ ያለው ወተት አይደለም።

«እትዬ ለተማርያም! ምን አደረጉት?»

«ጠበል ረጨሁበት» አሉ ከኩሽና፣ ምንም እንዳልሆነ።

«እባብ ይጠመቃል እንዴ?»

«እሱን ማን አጠመቀው? በሱ ያደረውን ነው እንጂ። ዘቢደር የምትለውን አልሰማሽም?»

«ዘቢደር የምትለውን ስሰማ ብውል መቼ እሠራለሁ? ቀዝቃዛ ውኃ እኮ ነው፤ ይገሉታል!» አለችና ለሌላ ስድብ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ፎጣውን ነካችው። ነፋሱ አላደረቀውም። ኩራቷን ዋጥ ለማድረግ ጊዜ ወሰደባት፤ ትልቅ ነበራ።

«እትዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጠበሉን ለብ ቢያደርጉት ኃይሉ ይቀንሳል?»

«ምን ይቀንሳል? ጠበል ጠበል ነው።»

«እንግዲያው ለብ አድርገው ፎጣው ላይ ይርጩት። እሱን ራሱን አይደለም። ቀን ላይ ሦስት ጊዜ ያህል።»

«ድሮስ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ሦስት ጊዜ አይደል የምረጨው!» አሉ እትዬ ለተማርያም ተቆጥተው።

ሁለቱም የፈለጉትን አገኙ። ሐሙስ ጠዋት የእባቡ ዓይን ጠራ፤ መጽሐፉ እንዳለው። ፋና ልትዘፍን ቃጣት።

ሐሙስ ማምሻውን ግን ወርቁ መጣ። ወርቁ ኢንግልዉድ የሚኖር ባለታክሲ ነው፤ ሁለቱን ልጆቹን እትዬ ለተማርያም ናቸው የሚጠብቁለት። ልጆቹን ሊወስድ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ተቅለሰለሰ።

«እትዬ፣ ይኼ ዘቢደር የምትለው ነገር… እኔ እንኳ አላምንም፤ ሚስቴ ናት። እኔ ቀኑን ሙሉ ኤርፖርት ድራይቭ ሳደርግ እውላለሁ፤ እሷ ደሞ ሥራ ላይ ሆና ስታለቅስ ትውላለች። ሶ፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ልጆቹን ሳመጣ እባቡ ካለ ይዣቸው እመለሳለሁ። ኦኬ? አይቀየሙኝ።»

«እባቡ እኮ ከልጆቹ ጋር አይገናኝም» አለች ፋና ከበስተኋላ።

ወርቁ እሷን ተወና እትዬ ለተማርያምን አተኩሮ አየ። የልጁን ጃኬት ሊያቀብሉት እጃቸውን ዘርግተዋል፤ የዘረጉት ግን ከትከሻው አንድ ክንድ ወዲያ ነው።

«እትዬ፣ ዓይንዎን ምን ሆኑ?»

እትዬ ለተማርያም ጃኬቱን ወደ ደረታቸው መልሰው እጥፍጥፍ አደረጉት።

«እንጃ» አሉ በመጨረሻ። «የእባቡ ነገር ነው መሰለኝ። እሱ ከገባ ወዲህ ነው።»

ፋና ፊቷን በጥፊ የተመታች መሰላት። ዘቢደር ብትለው ዘቢደር ናት። እኚህ ሴትዮ ግን ጠበል ለብ አድርገው የረጩ፣ ትናንት ማታ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠው «ይኼስ ፍጡር አይደል» ያሉ ናቸው። እሳቸውም አመኑ ማለት ነው።

ወርቁ እንደሄደ ወደ እሷ ዞሩ፤ ፊታቸውን ግን አልሰጧትም። «ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ከቤቴ ይውጣ።»

«ሰኞ ጠዋት ይሁን እትዬ። ሁለት ቀን እኮ ነው ልዩነቱ!»

«ልጆቹ ከሄዱ እኔ ምን እበላለሁ? አምስቱም ተከታትለው ነው የሚሄዱት። ቅዳሜ አልኩሽ።»

ሐኪም ቤቱ ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው፤ ቁልፍ ደግሞ ለወልዋይ አይሰጥም። ፋና የምታውቀው ሌላ ማደሪያ ሆሊውድ ነው፤ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል የሚኖሩበት የጓደኛዋ ቤት። እዚያ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ በዚያ ነፋስ።

አርብ ከሰዓት በኋላ እባቡ አፍንጫውን ጡቡ ላይ ማሸት ጀመረ። ፋና ከሥራ ቀድማ ገብታ በጉልበቷ ተንበርክካ አየችው። ቆዳው ከከንፈሩ ተላቀቀ፤ ግን እንደ ካልሲ አልተገለበጠም። የማክሰኞው ድርቀት ሥራውን ሠርቶ ኖሯል፤ በየቦታው እየተቀደደ በቁራጭ በቁራጭ ወጣ። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆየችው፣ በእርጥብ ፎጣ መሃል ራሱን እያሸ እንዲያልፍ ለቀቀችው፤ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ ፎጣው ላይ ቀረ። ከሥሩ የወጣው አዲሱ ቆዳ እንደ ተወለወለ ቀንድ ያበራል። የቀሩት ሁለቱ ዓይኖች ብቻ ነበሩ። በየዓይኑ ላይ አሮጌው ቅርፊት እንደ አቧራ የለበሰ መስታወት ተጣብቋል።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አሁንም እንደተጣበቁ ነበሩ። አምስት ሰዓት ላይም።

ደብተሯ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ምን እንደተጻፈበትም። ግን ሰኞ ሐኪሟ ፊት አቧራ የለበሰ ዓይን ይዛ መቅረብ አልሆንልሽ አላት። እዚህ በዚህ ሁሉ እርጥበት ያልለቀቀ እዚያ በደረቅ ክፍል ይለቃል? ደግሞም የሷ እጅ እንደ ማንም እጅ አይደለም፤ ቀጭን ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ብላ አሰበች።

እባቡን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ ጭንቅላቱን በሁለት ጣቷ ያዘች። የቅንድብ መንቀያዋን አነሣች። የቀኙን ጠርዝ ነካ፣ ነካ አደረገችው፤ ተነሣ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የጠራ ነገር መንቀያው ጫፍ ላይ ቀረ። ከሥሩ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ የሚያይ ዓይን ብቅ አለ። ፋና ብቻዋን ሳቀች።

ግራው እምቢ አለ። አረጠበችው፤ ቆየች፤ እምቢ አለ። ከውጭ የታክሲ ጥሩምባ ተሰማ። ወርቁ ነው፤ ሰባት ያለው ሰውዬ ገና ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጥቷል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አፍሶ መልቀም የማይቻል ነገር እንዳለ ግን ተረቱ አይናገርም። ፋና ጠርዙን ያዘችና ሳብ አደረገችው።

የመጣው ወፍራም ነበር። እባቡ እጇ ውስጥ እንደ ጅማት ተጠመዘዘ። ድምፅ አላወጣም፤ ምን ድምፅ አለው? ያ ቅርፊት አሮጌው ብቻ አልነበረም፤ አዲሱን አብሮ ይዞት መጥቷል። የግራው ዓይን ያለ ምንም መከለያ፣ እርጥብና ደብዛዛ ሆኖ ቀረ።

እትዬ ለተማርያም በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ አልታወቃትም።

«ጠራ ዓይኑ?» አሉ።

«አንዱ ጠርቷል» አለች ፋና።

እባቡን በፎጣ፣ ፎጣውን በአይስክሬሙ ዕቃ፣ ዕቃውን በጃኬቷ ጠቅልላ ወርቁን ሳታየው አልፋው ወጣች።

እሁድን ሙሉ ውሸት ስትሠራ ዋለች። «ሲመጣም እንዲህ ነበር» የሚለው ጥሩ ነበር፤ ያኔ ዓይኑ ነጥቶ ስለነበር ከሥሩ ያለውን ማንም አላየውማ። ሰኞ ሐኪሟ በማጉያ መስታወቷ ዓይኑን አይታ ቀና ስትል ግን ውሸቱ ከአፏ አልወጣ አላት።

«እኔ ነኝ። ጎተትኩት።»

«በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ይወልቅ ነበር። አላነበብሽም?»

«አንብቤዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

እዚህ ላይ መናገር ትችል ነበር። ዘቢደርን፣ ወርቁን፣ የእትዬ ለተማርያምን ዓይን። ነገር ግን እባብ የሰው ዓይን ይወስዳል ብለው የአገሬ ሰዎች አባረሩኝ ብላ ለፈረንጅ መንገር ሞት መሰላት። ቤቷን ለደጅ ሰው የምታማ ሴት አይደለችም።

«ቸኮልኩ» አለች።

ሐኪሟ ክፉ ሰው አልነበረችም። ዓይኑ እንዳይመረቅዝ ቅባት ቀባችው፤ እባቡን ውሰጂውና አሳድጊው አለቻት። የጠረጴዛው ቦታ ግን በሳምንቱ ለአንዲት የኮሌጅ ተማሪ ተሰጠ። ፋና መወልወያዋን ሁለት ወር ታገሠችው፤ ከዚያ ኩራቷ አላስቀምጥ አላትና ለቀቀች። ወደ እትዬ ለተማርያም ክፍልም ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልተመለሰችም። ሥራ ያገኘላት ሰው፣ የዕድል ነገር፣ ዘቢደር ሆነች፤ ሳንታ ሞኒካ ሆቴል፣ እዚያው ፎቅ፣ አንሶላ በማጠፍ። ዘቢደር አንሶላውን ከዚያ ጫፍ ይዛ «ያንን እባብ አሁንም አልጣልሽውም?» ትላለች። «አንቺን ያልጣልኩ እሱን ምን በደለኝ ብዬ እጥለዋለሁ?» ትላለች ፋና ከዚህ ጫፍ።

እባቡ ግራውን አጣ። በቀኙ እያየ አደገ። ቆዳውን በጣለ ቁጥር ፋና ፎጣውን ታረጥባለች፣ ጡቡን ታስተካክላለች፣ ከዚያ እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ትቀመጥባቸዋለች። የታኅሣሡ ሙሉውን ወጣ፤ የየካቲቱም።

በሚያዝያ ዘቢደር አንሶላ እያጠፈች፣ «እትዬ ለተማርያም ዓይናቸውን ሊቀደዱ ነው» አለች። «ልጆቹን ሁሉ ወላጆቻቸው ወስደዋል፤ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ያስፈልጋቸዋል። አንቺን ለመጥራት አፍረው ነው።»

ፋና አንሶላውን አራት ጊዜ አጠፈችው። «ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

የዓይን ሐኪሙ ክፍል ውስጥ እትዬ ለተማርያም ከወንበሩ አንሰው ተቀምጠዋል። እጇን በዳበሳ ፈልገው ያዙት።

«መጣሽ?»

«መጣሁ።»

«እባብሽስ?»

«ደህና ነው። ትልቅ ሆኗል።»

እጇን ጠበቅ አደረጉት። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ በሩ ተከፍቶ ሐኪሙ ሲገባ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ወጣት፣ ፈጣን ሰው ነው። ሁለቱንም ዓይን አየ፤ የዓይን ሞራው በሁለቱም በስሏል፤ ቀኙን በዚህ ሳምንት፣ ግራውን በሚቀጥለው ወር እናወጣዋለን አለ። ፋና ተረጎመች። ከዚያ ሐኪሙ ወፍራሙን መዝገብ ገልጦ አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር» አለ። «ሞራ መሆኑን በአስተርጓሚ ነግረናት፣ ቀጠሮ ሰጥተናት ነበር። እዚህ ፈርማለች። ለምንድን ነው እስከዛሬ የቆየችው?»

መዝገቡን ወደ ፋና አዞረላት። ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ሥር፣ በእትዬ ለተማርያም በራሳቸው እጅ፣ በአማርኛ ፊደል ስማቸው ተጽፏል።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ለተማርያም።

ፋና ከፊርማው አጠገብ ያለውን ቀን አነበበች። ሰኔ 1985 ይላል፤ እባቡ ከእንቁላሉ ሊወጣ ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው።